ጊታሩ ይውጣ

በጅማ ከተማ ከሚገኙት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የተፈጸመውን ታላቅ የጥበብ ሥራ ለትውልድ ሳላስተላልፍ ብቀር ኅሊናዬ አያስተኛኝም። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ አንዱን ብጠራ ሌሎቹ ለምን ተዘለልን ብለው ይቀየሙኛል። እኔ የዚያው ቤት የመድረክ አስተዋዋቂ ነኝ። ማጨብጨብ በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ ስላለ ይህንንም የምተርከው እያጨበጨብኩ ነው።

መሥሪያ ቤታችን አንድ ዘፈን አለው። የቡና ለቀማ ዘፈን ነው፤ በየዓመቱ ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው በሰርቦ በሚደረገው የቡና በዓል ይቀርባል። የምትዘፍነው ሙሉእመቤት ናት። ጊታሩን የሚመቱት ግን የሄርማታ ሰፈሩ ጋሽ ቲጃኒ ናቸው፤ መምታት እንኳ አይባልም፣ ያናግሩታል። የዘፈኑ ወግ እንዲህ ነው፦ ከበሮውና ቤዙ ከጀመሩ በኋላ ጊታሩ ይጣራል፣ ሙሉእመቤት ስትጠራ ትገባለች። ያንን ጥሪ በፉጨት የማያውቅ ሄርማታ ውስጥ የለም። ሱቅ ሲከፍቱ ያፏጩታል፣ ሲዘጉም ያፏጩታል።

ታዲያ ዘንድሮ ኃላፊያችን አቶ ዘለቀ፣ ከአመራር በተረፋቸው ጊዜ ስልክ ላይ ቪዲዮ እያዩ ጊታር ተማሩ። እሰይ! ኃላፊ ሲማር ደስ ይላል። ችግሩ፣ የተማረ ኃላፊ ወዲያው ስብሰባ ይጠራል።

"የጊታር ዘርፉን መልሰን ማደራጀት ይኖርብናል" አሉን። "ከግለሰብ ጥገኝነት መላቀቅ የወቅቱ ጥያቄ ነው።"

የትኛው ግለሰብ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ሁላችንም በሙሉ ድምፅ ተላቀቅን።

መላው የተገኘው ከኮምፒውተር ባለሙያችን ከኡመይር ነው። ከተቀዳ ዘፈን ውስጥ የፈለጉትን ድምፅ ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም አለው። ከድሮው ቅጂ የሙሉእመቤት ድምፅና የጋሽ ቲጃኒ ጊታር ይወጣሉ፤ ከበሮው፣ ቤዙና ኪቦርዱ ይቀራሉ። ሙሉእመቤት በአካል ትዘፍንበታለች፣ በጊታሩ ቦታ ደግሞ አቶ ዘለቀ ይገቡበታል። ኡመይር እንደታዘዘው አደረገ፤ ጊታሩን ከነጥሪው ነቅሎ አወጣው።

ጋሽ ቲጃኒ ተጠሩ። ልምምድ መስሏቸው ጊታራቸውን አንግተው መጡ።

"እርስዎ ዘንድሮ የክብር እንግዳችን ነዎት" አሏቸው አቶ ዘለቀ። "ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ። ጋቢም ይደረብልዎታል።"

"አልሐምዱሊላህ። ኤጋ እንግዲህ፣ ጊታሩን ማን ሊመታው ነው?"

"ጊታሩ ወጥቷል።"

"ወዴት?"

ኡመይር ዘፈኑን ከፈተላቸው። ከበሮው መጣ፣ ቤዙ መጣ፣ የጥሪው ቦታ ሲደርስ ጊታር የለም። የሽማግሌው ጣቶች ግን ጉልበታቸው ላይ ይመቱ ነበር።

"ሱብሃነላህ! አልሞትኩም እኮ!" አሉ። "ልጆቼ፣ ሌላ አልለምናችሁም። ሰርቦ ላይ ይቺን አንዲት ዘፈን ልምታ። ጋቢውን ለሌላ ሰው ስጡት።"

"ውሳኔው የጋራ ነው ጋሽ ቲጃኒ" አሉ አቶ ዘለቀ። እጄም እንደ ልማዱ አጨበጨበ።

የበዓሉ ቀን ሰርቦ ከአፍ እስከ ገደፏ ሞላች። ጋሽ ቲጃኒ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ጋቢ ተደርቦላቸው ከፊት ተቀምጠዋል። እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ "ከግለሰብ ጥገኝነት የተላቀቀው ዘፈናችን!" ብዬ አስተዋወቅሁ። አቶ ዘለቀ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ለሰላምታ የሚሆን ማይክ ከጆሯቸው እስከ አፋቸው ተገጥሞላቸው ወጡ። ሙዚቃው ተለቀቀ። ከበሮው ይሄዳል፣ ቤዙ ይሄዳል፣ ሙሉእመቤት ቆማለች፣ አቶ ዘለቀም ቆመዋል።

"ጋሼ፣ ይጥሩኝ እንጂ!" አለች በጥርሷ መሀል።

"ጀምሪ እንጂ! ዘፋኙን ተከተሉ ነው የሚለው ትምህርቱ።"

"ኧረ ማንም ሳይጠራኝ የት ነው የምገባው?"

ከበሮው ማንንም ሳይጠብቅ ይሄዳል። የኃላፊያችን ጣቶች ክሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ይሄኔ ከኋላ ቡና ነጋዴዋ ሐጂራ "ኧረ አቦ፣ ልጅቷን ጥሯት!" ብላ ጥሪውን በአፏ ጀመረችው፤ "ቲን ቲሪን ቲን፣ ቲሪን..." ከጎኗ ያሉት ተቀበሏት። ከዚያ ሕዝቡ በሙሉ፣ ትንሽ ትልቁ፣ የጋሽ ቲጃኒን ጊታር በአፉ መታው። ሙሉእመቤት ዓይኗን ጨፍና ገባች። እንዲያ ዘፍና አታውቅም። ጋሽ ቲጃኒ በጋቢው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ጋቢው ለካ ለዚህ ኖሯል። እኔም አለቀስኩ፣ በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ ባይኖርም።

ከበላይ የመጡት እንግዳ ተነስተው አቶ ዘለቀን አቀፏቸው። "ሕዝብን እንዲህ የሚያዘፍን ጊታር ሰምቼ አላውቅም!" አሏቸው። ኃላፊያችንም አመኑ። ሰው ሲመሰገን ማመን ያለ ነው።

ቢሮ እንደገባን ኡመይርን አስጠሩት። በበዓሉ የተቀረጸው ቪዲዮ ሊሰራጭ ነው።

"ሕዝቡ ጊታሬን ሸፍኖታል" አሉ። "አውጣው።"

"ምኑን?"

"ሕዝቡን።"

ኡመይር ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ሕዝቡ ወጣ። ሁላችንም ተሰብስበን ቪዲዮውን ማየት ጀመርን። ከበሮው አለ፣ ቤዙ አለ። ጥሪው ቦታ ሲደርስ የአቶ ዘለቀ ጣት ክሩ ላይ ንቅንቅ አይልም። ብቻ ከመሀል አንድ ቀጭን፣ የተንቀጠቀጠ ድምፅ "ቲን ቲሪን ቲን" እያለ የጋሽ ቲጃኒን ጊታር ያንጎራጉራል።

"ይሄ ደግሞ ማነው?" ብለው ጠረጴዛውን ደበደቡት አቶ ዘለቀ። "ምን ዓይነት ረባሽ ነው! እሱንም አውጣው!"

"ጋሼ" አለ ኡመይር ቀስ ብሎ፣ "እርስዎ ነዎት እኮ። አፍዎ ላይ የነበረው ማይክ ነው የቀዳው።"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ማጨብጨብ ጠፋው።

ኃላፊያችን መነጽራቸውን አወለቁ። ቪዲዮውን ራሳቸው እንደገና ከፈቱት፤ ሰሙት፤ ደግመው ሰሙት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"ጋሽ ቲጃኒን ጥሩልኝ" አሉ። "መጥተው ጊታራቸውን ይውሰዱልኝ፤ ከአፌ አልወጣ አለኝ።"