ጋሽ ደለል እና የአጥሬ ቀዳዳ

ጋሽ ደለል የሌለበት ሰፈር የለም። ካለም ገና አልተሠራም፤ የመጀመሪያው መሠረት ሲቆፈር ከች ይላሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጉድጓዱን ያያሉ፣ ቆንጠር አድርገው አፈሩን በሁለት ጣታቸው ያሻሉ፣ ያሸታሉ፣ ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ፍርድ ይሰጣሉ።

የእኛ ሰፈሩ ክቡር ጋሽ ደለል የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ጡረታ የወጡት ከትምህርት ቤቱ እንጂ ከማስተማሩ አይደለም። ጎረቤታችን ቁልቁለት ላይ ተንሸራቶ እግሩ የተሰበረ ጊዜ ሊጠይቁት ሄደው፣ "አይዞህ፣ አንተ ብቻ አይደለህም፤ ቁልቁለቱ ራሱ በየዓመቱ ወደ ታች እየተንሸራተተ ነው" ብለው አጽናኑት። ፀጉር አስተካካዩ "እንዴት ላድርግልዎት?" ቢላቸው፣ "እንደ አምባ። አናቱ ለጥ ይበል፣ ጎኑ ገደል ይሁን። አምባ ለምን አናቱ እንደማይሸረሸር ታውቃለህ? ጠንካራ ድንጋይ ስለተጫነው ነው" አሉት።

"የእርስዎ አናት ግን ተሸርሽሮ አልቋል፣ ጋሼ" አለ ሰውዬው መላጣቸውን እያየ።

እኔ ቤት መሥራት ስጀምር ደግሞ ተራዬ ደረሰ። ቦታዬ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ነው፤ በዚያ እኮራ ነበር።

"ሜዳ ዝም ብሎ አይገኝም፣ ልጄ። ይህን አፈር ከዚያ ተራራ ላይ ጠርቦ፣ ተሸክሞ አምጥቶ ያነጠፈልህ ወንዝ ነው" አሉኝ።

"የታለ ወንዙ?"

"ወጣ ብሏል። ይመለሳል።"

ልክ እንደ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ! ሳቄን ዋጥኩት። እሳቸው ግን ከግንበኛው ራስ ላይ አልወርድ አሉ። "በታችኛው አጥር ሥር ቀዳዳ ተውለት። የሚገባበትን እሱ አያጣም፤ አንተ የሚወጣበትን አሳየው።" አፋቸውን ለማስዘጋት ስል ቀዳዳው እንዲተው አደረግኩ። ልጃቸውን ሊጠይቁ ለሳምንት ሲሄዱ ጠብቄ ደግሞ አስደፈንኩት። የሰው አጥር እንዲህ አፉን ከፍቶ ሲታይ ደስ አይልማ።

ተመልሰው ሲያዩት አልተቆጡም። በጣታቸው አጥንት ኳ ኳ አደረጉና፣ "ስሚንቶው ስንት ለስንት ነው?" አሉ።

"አንድ ለሦስት አሸዋ።"

"ጠንካራ ነው" አሉ ቅር ብሏቸው፣ ሄዱ።

ቤቱ አልቆ ከገባንበት በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዙ ተመለሰ። ተራራው ላይ ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ ውሎ ጎርፉ የላይኛውን በር ገንጥሎ ገባ፤ የታችኛው አጥር አገደውና ግቢዬ ገንዳ ሆነ። ምድር ቤት ከአልጋ መነሣት የማትችል እናቴ ተኝታለች። ውሃው ደጃፏን አልፎ ወደ ፍራሹ ሲጠጋ አቅፌ ላነሣት ብሞክር፣ እግሬ ጭቃው ላይ አልቆም አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ያኔ ከአጥሩ ማዶ ዱብ፣ ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የተደፈነው ቀዳዳ ተደረመሰ፤ ውሃው እያጓራ ወጣ። የእናቴ ፍራሽ ሳይርስ ቀረ። ሮጬ ብወጣ ጋሽ ደለል ዶማ ተደግፈው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው ቆመዋል። "ብዬህ ነበር" ይላሉ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ግንበኛህ አንድ ለስምንት ነው የመታው" አሉ እያለከለኩ። "ሌባ ነው፤ እግዜር ይስጠው።"

ደግፌ ወደ ቤታቸው ወሰድኳቸው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሳሎናቸው ውስጥ መጻሕፍትና ነጠላ ጫማ ይንሳፈፋሉ። ለካ ውሃው ወደ እሳቸው ሲገባ ነው ዶማ ይዘው ወደ እኔ የሮጡት!

"ጋሼ፣ ቤትዎ!"

"እሱ ለምዶታል" አሉ። ግድግዳው ላይ፣ የልጅ ቁመት እንደሚለካበት፣ ስድስት የእርሳስ መስመሮች ተሰምረዋል፤ በየአጠገባቸው ዓመተ ምህረት። ጎርፉ በየጊዜው የደረሰበት ነው።

"ይህን ሁሉ እያወቁ ለምን እዚህ ሠሩ?"

"ስሠራ የማስተምረው ሒሳብ ነበር።"

ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። እኚህን ሰውዬ ስንት ዓመት ስሸሻቸው ኖሬያለሁ! እሳቸው ከኮታቸው ኪስ እርሳስ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩ፤ ሰባተኛውን እኔ እንዳሰምር። ሳሰምረው ጠመመብኝ።

"ቀጥ አድርገህ እንጂ፣ ልጄ" አሉ ከኋላዬ። "ውሃ ተንጋዶ አይቆምም።"