መምከር የማይሰለቸው ነርስ

መካሪ የሌለበት ቤተሰብ፣ መካሪ የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ጥርሴን አመመኝ ስትለው ስለ ትዳርህ ይመክርሃል፤ ሰዓት ስንት ነው ስትለው ስለ ዕድሜህ አጠቃቀም። ክፉ ሰው ቢሆን ተጣልተነው በተገላገልን ነበር። መከራው ደግ መሆኑ ነው።

የሱስ ሕክምና ላይ ጥናት የሚያካሂዱ ባለሙያዎችን እንድታሠለጥንና ሥራቸውን እንድትቆጣጠር ለተመደበችው ሐኪም የዚህ ዘር አውራ ከሠልጣኞቿ አንዱ ሆኖ የደረሳት ገና በመጀመሪያው ቀን ነበር። ጸጉሩ የሸበተ፣ ጋዋኑ ሁልጊዜ የተተኮሰ አንጋፋ ነርስ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ክቡር መካሪ» ይሉታል፤ እሱም ስሙን እንደ ማዕረግ ተቀብሎታል። ሐኪሟን በሠልጣኞቿ ፊት «ልጄ» ይላታል። እሷ ደግሞ በዕድሜ ስለሚበልጣት የምትቆጣው «እርስዎ» እያለች ነው። «እርስዎ» እያሉ መቆጣት እንዴት እንደሚያንቅ የሞከረው ያውቀዋል።

ትምህርቱ ሲነገር ቀላል ነው፤ ጠይቅ፣ አድምጥ፣ የተባለውን ጻፍ። አትገሥጽ፣ አታሞግስ፣ ፊትህን አታጥቁር። ታካሚው እውነቱን ካልተናገረ በጥናቱ የሚሞከረው መድኃኒት ይሥራ አይሥራ የሚታወቅበት መንገድ የለም።

በመጀመሪያው ልምምድ አንድ ፋርማሲስት ታካሚ መስሎ ተቀመጠ።

«ባለፈው ሳምንት የሕመም ማስታገሻ ክኒን ስንት ቀን ወሰድክ?» አለው ክቡር መካሪ።

«ሦስት ቀን።»

«ሦስት! አንተ ሰው፣ ምን ጎደለህ? እናት የለችህም? ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እኔ ግን መከራ እንዲመክርህ አልፈልግም፣ የኔ ልጅ።»

ክኒን በመሸጥ እንጂ በመዋጥ የማይታወቀው ፋርማሲስት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ሁለተኛ እንደማይለምደው ማለ። ክፍሉ አጨበጨበ።

«ምኑ ነው የሚጨበጨብለት?» አለች ሐኪሟ። «ሱስ የያዘው ሰው ምክር ቸግሮት ያውቃል? እናቱ መክራዋለች፣ ሚስቱ መክራዋለች፣ የሰፈሩ ዘበኛ ሳይቀር መክሮታል! ያጣው ሳይፈርድበት የሚጠይቀው ሰው ነው። እንደገና ይሞክሩ።»

ሞከረ። በአንደበቱ አልመከረም፤ ከንፈሩን መጠጠ። ከንፈርዎን አይምጠጡ ሲባል ራሱን ነቀነቀ። ራስዎን አይነቅንቁ ሲባል ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ፤ ትንፋሹ ውስጥ ግን አንድ ሙሉ ስብከት ነበረበት። የፈተናው ዕለት ብቻ እንደ ሐውልት ተገትሮ ጥያቄዎቹን ሁሉ ጠየቀና አለፈ።

ጥናቱ ተጀመረ። ከሌሎቹ ጠያቂዎች የሚመጣው መልስ እንደ ሰው ኑሮ የተዘበራረቀ ነበር፤ አንዱ ትቷል፣ ሌላው አገርሽቶበታል፣ ሦስተኛው አያስታውስም። ከክቡር መካሪ ክፍል የሚመጣው ግን ሁሉም የምሥራች ነው። ክኒን የነካ አንድ ሰው የለም።

«የሚመከር ይድናል፣ ልጄ» አላት፣ ደስታው ፊቱ ላይ እየፈሰሰ።

ነገሩ አልጥም ብሏት ልታጣራ ስትነሣ መከራ ቀደማት። ከእሱ ታካሚዎች አንዱ የሆነ ቀለም ቀቢ ደረጃ ላይ ተዘርሮ፣ ትንፋሹ ሊቆም ሲል እኅቱ ደረሰችበት። ሰውየው ከመሰላል ወድቆ ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ ክኒኑን መተው ያቃተው ነው። የጥናቱ መድኃኒት ከክኒኑ ጋር ከተደረበ ትንፋሽ ያፍናል፤ ስለዚህ መጠኑ ከፍ የሚደረገው ክኒኑን ለተወ ሰው ብቻ ነበር። ትቻለሁ አለ፤ ከፍ ተደረገለት። አልተወም ነበር።

ሲነቃ ሐኪሟ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ለምን እንደ ዋሸ ጠየቀችው።

«ዶክተር፣ እውነቱን ብነግራቸው ማን ይችላቸዋል? አንዴ ግማሽ ክኒን አማረኝ ብዬ እስከ ምሳ ሰዓት አልለቀቁኝም። ደግሞም ይከፋቸዋል። አባቴን ባሳዝን ይሻለኛል። ትቻለሁ ስላቸው ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ ቢያዩት!»

ደረጃውን ስትወርድ ጆሮዋ ይጮህ ነበር። ከጥናቱ ልታባርረው ቆርጣ ቢሮዋ አስጠራችው።

«ሰው ሊሞትብን ነበር!» አለች ገና ከበሩ ሳይገባ። «መከራ ይምከረው ይላሉ አይደል? መከራውን ያመጡበት እርስዎ ነዎት! የሚፈራዎት እንዳይሰድቡት አይደለም፤ እንዳይከፋዎት ነው። በደግነትዎ አፉን ዘጉት!»

አቀርቅሮ ሰማት። ስትጨርስ ቀና ብሎ ፊቷን አየ።

«ልጄ፣ ፊትሽ ቀልቷል። ቦርሳሽ ውስጥ ያየሁትን የደም ግፊት መድኃኒት ወስደሻል?»

«ወስጃለሁ።»

አልወሰደችም። ከተወችው ሰንብታለች። ውሸቱ ከአፏ ያመለጠው ሳታስበው ነው፤ ያ የሸበተ ፊት እንዳይከፋ፣ ያ ምክር እንዳይጀምር። ልክ እንደ ቀለም ቀቢው። በእሱ ተናደደች፣ በራሷም ተናደደች፤ ከሁሉ ይልቅ ያናደዳት ግን በዚያ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ፣ ያን ሁሉ ሐኪም በያዘው ሕንፃ፣ ይህን ጥያቄ የጠየቃት እሱ ብቻ መሆኑ ነው።

«ይቀመጡ» አለችው። «ዋሽቼዎታለሁ። አሁን ታካሚዋ እኔ ነኝ፤ እንደ ተማሩት ይጠይቁኝ። አንዲት ምክር ከአፍዎ ከወጣች ግን ጥናቱን ይሰናበታሉ።»

ተቀመጠ። ብዕሩን አወጣ። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ከተዋወቁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ «እርስዎ» አላት።

«ባለፈው ሳምንት መድኃኒትዎን ስንት ቀን ወሰዱ?»

«አንድም ቀን።»

አፉ ተከፈተ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። ምክሩ ጥርሱ ድረስ መጥቶ ሲታገለው አየችው። እንደ መራራ ነገር ዋጠውና ጻፈ።

«ያልወሰዱበትን ምክንያት ቢነግሩኝ?»

ነገረችው። እናቷ ይህንኑ ክኒን አንድ ቀን ሳታጓድል እየዋጠች እንደ ሞተች፣ ከዚያ ወዲህ የክኒኑን ጠርሙስ ባየች ቁጥር እጇ እንደሚከብዳት፣ ለባሏም ለማንም እንዳልተናገረችው። ከንፈሩን አልመጠጠም። ዓይኑ ቢሞላም ብዕሩ አልቆመም።

«የሚጨምሩት አለ?»

«የለም። ነገ ጠዋት ቀለም ቀቢውን የሚጠይቁት እርስዎ ነዎት።»

ወረቀቱን አጥፎ ተነሣ። ጥግ ካለው ጆግ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድቶ ፊቷ አስቀመጠና፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ሄደ።

ንዴቷ አልበረደላትም። እንደ ተናደደች ቦርሳዋን ከፍታ ጠርሙሱን ትፈልግ ጀመር።