ካውያ የዋጣት ገጽ

በእትዬ ዘመነ መንግሥት፣ የስፌት መኪናው ቀበቶ በተለወጠ ማግሥት፣ በትልቁ የመብራት መጥፋትና በትንሹ የውሃ መምጣት መካከል በነበረው ዓመት፣ ከምላሷ ስለት የተነሣ ሰፈሩ ሁሉ «ምላጭ» ብሎ የሰየማት፣ መዋዒተ ክር ወመርፌ፣ ቁልፍ ተካይ፣ ጠርዝ አጣፊ፣ ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ብታቋርጥም ወሬዋን ከቶ ያላቋረጠች፣ አንድ ጊዜ የጻፈችውን ሰው ቀርቶ ዘመን የማይሰርዝባት፣ ያቺ ኃያል ልጅ በአዳራሹ ድርሰት አንብባ ድል ያደረገችበት ዜና ይህ ነው። ዜናውን የጻፈችው ጸሐፊና ዜናው የተጻፈላት ጀግና አንድ ሰው መሆናቸው የአጋጣሚ ጉዳይ ነውና፣ አንባቢ ሆይ፣ አትመራመር።

እትዬ ማለት የጀግናችን እናት ታላቅ እኅት፣ የልብስ ስፌት ቤቱ ንግሥት፣ ሜትር አንገቷ ላይ እንደ ኒሻን የሚንጠለጠል፣ አፏ በስፒል ተሞልቶ እንኳ ሰው የምትቆጣ ታላቅ ሴት ናት። የመንግሥቷም ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ በየማለዳው ይታወጃል፦ «ከዚህ ቤት ሳይተኮስ የሚወጣ ነገር የለም! ጨርቅ ሆነ መሐረብ፣ ጭምድድ ብሎ ሰው ፊት ከሚቀርብ እኔ ልሙት!» ይህን ሕግ አንባቢ በልቡ ያኑረው፤ ኋላ ጉድ የሚያፈላ እሱ ነውና።

በዚያም ወራት በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። የለጠፈችው የቤቱ ሹም ነበረች፤ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ «እሽሽ» ስለምትል ስሟ ራሱ እሽሽ ሆኖ ቀርቷል። አዋጇም እንዲህ ይል ነበር፦ «መጻፍ የምትወዱ ሁሉ ስሙ! ራሳችሁ የፈጠራችሁትን ታሪክ፣ ከአንድ ገጽ ሳታስበልጡ፣ በእጃችሁ ጽፋችሁ ዓርብ ከሰዓት በአዳራሹ አንብቡ። ያሸነፈ በቅዳሜው የጸሐፊዎች ክበብ አንድ ወንበር ያገኛል፤ ታሪኩም ዓመቱን ሙሉ ግድግዳችን ላይ ይለጠፋል። ማስቲካ ክልክል ነው።»

የቅዳሜውን ክበብ ጀግናችን ታውቀዋለች፤ የምታውቀው ግን በመስኮት ነው። አንድ ቀን የደንበኛ ልብስ ልታደርስ ስትሄድ በመስታወቱ አሻግራ አየች፤ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው አንዱ ሲያነብ ሌሎቹ ደግሞ «ይቺ ቃል ትውጣ»፣ «ኧረ ትቆይ» እየተባባሉ ለአንዲት ቃል ሲጣሉ፣ ማንም ማንንም ስንተኛ ክፍል ደረስክ ብሎ ሳይጠይቅ። እሷም ልብሱን ክንዷ ላይ እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ቀሚሱ እስኪጨማደድ ቆመች፤ ተመልሳም ደግማ ተኮሰችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዓለም ሁሉ የምትመኘው ያንን ወንበር ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ምላስ ያለው ሰው የሚወደውን ነገር ሲናገር ምላሱ ይተሳሰራልና።

ነገር ግን ቅዳሜ በእትዬ ግዛት የጦርነት ቀን ነው፤ ደንበኛ ሁሉ ልብሱን ለእሑድ የሚፈልገው ያን ቀን ነውና። ስለዚህ ጀግናችን ልወዳደር ብላ ስትጠይቃት እትዬ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ አወጀች፦ «ስሚ፣ ያልሰማሽ ስሚ! የሰማሽም እንዳልሰማ አትሁኚ! ካሸነፍሽ የቅዳሜን ከሰዓት ውሰጂው፤ ቁልፉን እኔው እተክላለሁ። ከተሸነፍሽ ግን ከዚያ ወዲያ በዚህ ቤት የማየው ወረቀት የልብስ ንድፍ ብቻ ነው። ብያለሁ!» የእትዬ «ብያለሁ» ደግሞ ይግባኝ የለውም።

ወእምዝ ጀግናችን ልትጽፍ ተቀመጠች። እስክርቢቶዋ ግን ገና በመጀመሪያው መስመር ነፍሱ ወጣች፤ ብታራግበው፣ ብትተነፍስበት፣ ብትሳደብበትም አልተመለሰችም። ስለዚህ ከእትዬ መሳቢያ የልክ እስክርቢቶውን አወጣች፤ ይህም ጨርቅ ላይ ልክ የሚሰመርበት፣ ካውያ ሲያልፍበት ቀለሙ እልም የሚል እስክርቢቶ ነው። ጀግናችን ጠባዩን እንደ ስሟ ታውቃለች፤ በየቀኑ ታሰምርበታለች፣ በየቀኑም በካውያ ታጠፋዋለች። ነገር ግን ታላላቅ ሰዎች በታላቅ ሐሳብ ሲያዙ ትንንሹን ነገር መርሳታቸው የታወቀ ነው። ጽሑፏም ስለ አንድ ልዑል ነበር። ነጭ ፈረስ ነበረው።

እየጻፈች ደግሞ ትሠራ ነበር፤ ሥራውም ቀላል አልነበረም። አጠገቧ የተዘረጋው ግራጫ ሱሪ የጋሽ አራት ነጥብ ነው። እሳቸውም ጡረታ የወጡ መምህር፣ የሰው ወሬ ሲረዝምባቸው በጣታቸው አየር ላይ አራት ነጥብ አድርገው የሚዘጉ፣ በዓርቡም ውድድር የዳኞች አለቃ ነበሩ፤ ሱሪውንም ለዚያው ቀን እንዲያጥርላቸው ሰጥተው ነበር። ጀግናችን የቀኙን እግር እንደ ልኩ ቆረጠች። የግራውን ስትጀምር ልዑሉ ከፈረሱ ሊወርድ ሆነ፤ ልዑሉ ወረደ፣ መቀሱም ወረደ። አጠፈች፣ ሰፋች፣ ተኮሰች፣ በፌስታል አድርጋ አስረከበች። ጋሽ አራት ነጥብም ቸኩለው ነበርና ሳይለኩ ወሰዱት።

ዓርብም ደረሰ። ገጺቱ በሽርጥ ኪስ ውስጥ ከክርና ከጠመኔ ጋር ስትታሽ ሰንብታ ነበርና፣ ስትወጣ እንደ አሮጊት ፊት ተጨማድዳ ወጣች። ጀግናችን ሕጉን አሰበች። ሳይተኮስ የሚወጣ ነገር የለም! ካውያውንም አጋለች፤ ለጥቁር ልብስ እንደሚደረገው፣ መልኩ እንዳይበላሽ ገጺቱን ገልብጣ በፊቷ ደፋቻት፤ ስስ ጨርቅ ደረበችባት፤ ለራሷ ቀሚስ አድርጋው በማታውቀው ጥንቃቄ ከዳር እስከ ዳር ተኮሰቻት። ከዚያም ጽሑፉ ወደ ውስጥ እንዲሆን አጥፋ ደረቷ ውስጥ አኖረቻት። በዚያን ቀን ከእሷ የበለጠ የተስተካከለ ወረቀት የያዘ ጸሐፊ በምድር ላይ አልነበረም።

ወደ አዳራሹም ሲወርዱ ሠራዊቷ ይህ ነበር፦ በፊት እትዬ፣ ሜትሯን ከአንገቷ ማውለቅ ረስታ፤ በቀኝ የእትዬ ልጅ፣ የውሃ ጠርሙስ ተሸካሚ፣ የማጨብጨብም አዛዥ፤ በግራ ጫማ ሰፊው፣ የሰው ጫማ አንድ እግሩን በብብቱ ይዞ፤ በስተኋላ ደግሞ ዚፗ ገና ያልተሰፋላት ደንበኛ፣ በስፒል ተያይዛ፣ ልብሴን ሳትጨርሱ የት ትሄዳላችሁ ብላ፣ መቀመጥም መተንፈስም እየፈራች። እንዲህ ያለ ሰልፍ ያን መንገድ ረግጦት አያውቅም፤ ባለታክሲዎችም ጥሩምባ እየነፉ አሳለፏቸው።

በአዳራሹ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ማይክራፎኑ እንደተረገጠ ድመት ይጮኻል፤ እሽሽም ማይክራፎኑን «እሽሽ» ትላለች። ዳኞቹ ልብስ ያልለበሰ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። በመጀመሪያ አንድ የባንክ ገንዘብ ያዥ ተነሥቶ ስለ ዝናብ ብቸኝነት አነበበ፤ ጽሑፉ አንድ ገጽ ነው ቢባልም ፊደሉን እንደ ጉንዳን አሳንሶ መጽሐፍ የሚያህል ነገር ከትቶበት ነበርና፣ ጋሽ አራት ነጥብ ጣታቸውን አንሥተው በአየር ላይ ዘጉት። ቀጥሎ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ አነበበች፤ እሷ እንኳ ጥሩ ነበረች። ጸሐፊዋ ይህን የምትመሰክረው ጥርሷን ነክሳ ነው።

ከዚያም «ምላጭ» ተብሎ ተጠራ። ጀግናችን ወጣች፣ ገጺቱን ከደረቷ አወጣች፣ ዘረጋች። ገጺቱም ነጭ ነበረች። ገለበጠቻት፤ በዚያም በኩል ነጭ ነበረች። ልዑሉ የለም፤ ፈረሱም የለም። ያን ጊዜ ካውያው ትዝ አላት፤ እስክርቢቶውም ትዝ አላት። ልዑሉን በቃሏ ልትጠራው ብትሞክር አንድ መስመር እንኳ አልመጣላትም። በመስኮት ያየችው ጠረጴዛ በዓይኗ ሄደ፤ ወንበሩ ሲርቅ፣ በሩም ሲዘጋ አየችው። ከፊተኛው ረድፍ እትዬ፣ ስፒል ባይኖርም ስፒል እንደያዘች ከንፈሯን ገጥማ ታያታለች።

ዓይኗንም ከእትዬ ለማሸሽ ብላ ወደ ጠረጴዛው ሥር ጣለችው። በዚያም የጋሽ አራት ነጥብን እግሮች አየች፤ የግራው ሱሪ ከቀኙ አራት ጣት አጥሮ ቡናማ ካልሲ እያሳየ ቆሟል። ወረቀቷንም ከፍ አድርጋ፣ ዓይኗን ከግራ ወደ ቀኝ በመስመር እያስኬደች፣ ከባዶው ገጽ እንዲህ ስትል አወጀች፦

«ከአንድ ጨርቅ የተቆረጡ ሁለት ወንድማማች ነበሩ፤ ቀኝና ግራ ይባላሉ። ቀኝ ጨዋ ነው፤ ጫማው ድረስ ወርዶ አርፎ ይቀመጣል። ግራ ግን ልቡ መንገደኛ ነው። ‹ዕድሜ ልኬን አቧራ ስጠርግ ልኑር እንዴ? እስኪ ወጣ ብዬ አገር ልይ› ብሎ ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ ሽቅብ ሄደ። እዚያም ካልሲ የሚባል ጎረቤት አገኘ። ካልሲ ጨለማ ውስጥ የኖረ ምስኪን ነውና ብርሃን ሲያይ ደንግጦ ‹ማነው የከፈተው? ዝጉት እንጂ፣ ሰው ያየናል!› ብሎ ጮኸ። የሱሪው ጌታ ግን ምንም አያውቅም። ጠዋት ሲለብስ ቀና ብሎ መስታወት ያያል እንጂ ጎንበስ ብሎ እግሩን አያይም። መንገደኛው ሁሉ ፈገግ ሲልለት ‹ዛሬስ ተከብሬያለሁ› ይላል። በመጨረሻ ቀኝ አፍሮ ‹አንተ፣ ና ውረድ! አታዋርደን!› ቢለው ግራ ምን አለ? ‹እኔ መች ወጣሁ? እኔ ስቆረጥ መቀስ የያዘችው ልጅ ሕልም እያየች ነበር። አንተም ብትሆን ጨዋ ስለሆንክ አይደለም መሬት የደረስከው፤ በአንተ ጊዜ ሕልሙ ስላልጀመረ ነው።›»

ሕዝቡ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ከፊት የተቀመጡት ወደ ጠረጴዛው ሥር አዩ፤ እነሱ ሲያዩ ከኋላ ያሉት ተነሥተው አዩ፤ ዚፕ የሌላት ደንበኛ ስትስቅ ስፒል ወጋት፣ ጮኸች። እትዬ ሜትሯን በሁለት እጇ ጨበጠች። ጋሽ አራት ነጥብም ሰው ምን እንደሚያይ ለማየት ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ። ጎንበስ እንዳሉም ቆዩ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ እሽሽ እንኳ ሥራ ፈታች። ጀግናችን ባዶዋን ገጽ ይዛ ቆማ ነበር።

ጋሽ አራት ነጥብ ቀና አሉ፤ መነጽራቸውን ጠርገው፣ ከሌሎቹ ዳኞች ጋር ራስ ለራስ ገጥመው ከተንሾካሾኩ በኋላ አወጁ፦ «ሱሪው የእኔ ነው። ታሪኩ የእሷ ነው። በዳኝነት በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ማንም እንዲህ አድርጎ እግሬን እንዳይ አላደረገኝም። ወንበሩን ስጧት። ሱሪዬን ግን ነገ ጠዋት እመጣበታለሁ፤ ‹ረጅሙን እናሳጥርልዎት› እንዳትሉኝ!» ጣታቸውንም አንሥተው በአየር ላይ አራት ነጥብ አኖሩ። የእትዬ ልጅ ጭብጨባውን አዘዘ፤ ሠራዊቱም ታዘዘ።

ነገር ግን እሽሽ ለግድግዳው የሚለጠፈውን ገጽ ለመቀበል እጇን ዘረጋች፤ ተቀበለች፣ ገለበጠች፣ ወደ ብርሃን አነሣች፣ አሸተተች። እትዬም መጥታ ወረቀቱን ዳሰሰች፤ የካውያውን ልስላሴ በጣቷ አወቀችው፤ አዋጇም አዳራሹን ሞላው፦ «ይሄማ የእኔ የልክ ቀለም ነው! አንቺ ልጅ፣ ተኮስሽው? አይዟችሁ፣ ቀለሙ አልሞተም፤ ሙቀት ደብቆት ነው። ለበረዶ ቤት ሠራተኛ ያስረከብኩት ነጭ ጋዋን፣ ሰውየው ቅዝቃዜው ውስጥ ሲገባ መስመሩ ሁሉ ተመልሶ ወጥቶበት ሽማግሌ ይዞ መጥቶብኛል። በሉ በረዶ አስነኩት!»

በአዳራሹ ግቢ አይስክሬም የሚሸጥ ሰው ነበርና ገጺቱ በማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከቸኮሌቱ አጠገብ፣ በክብር ተቀመጠች። ሕዝቡም ከበበ። ጥቂት ቆይቶ ሲከፈት፣ እነሆ፣ የጠፋው ሁሉ ፈዘዝ ብሎ ተመልሶ ነበር። ልዑሉ ተመለሰ፤ ፈረሱም ተመለሰ። እትዬም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለሕዝቡ አነበበች፦ «ልዑሉ በነጭ ፈረስ መጣ። ልዕልቲቱም አይታው አለቀሰች። ልዑሉም ስታለቅስ አይቶ አለቀሰ። ፈረሱም ሁለቱን አይቶ አለቀሰ።» ከዚህ በታች ደግሞ ፀሐይም ታለቅስ ነበር፤ እትዬ ግን እዚያ አልደረሰችም።

ኦ ምላጭ! መዋዒተ ክር ወመርፌ፣ ከባዶ ገጽ ሙሉ ታሪክ ያነበብሽ፣ በአንድ መቀስ ስሕተት አዳራሽ ያሳቅሽ፣ በእሳት የጠፋውን በበረዶ ያስነሣሽ፣ የቅዳሜን ከሰዓት ከእትዬ እጅ ያለ ደም የነጠቅሽ፣ የወንበር ባለቤት፣ የመስኮት ተመልካችነትን የሻርሽ፣ ስምሽ በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ በጉልህ ይጻፍ፣ የጻፍሽውም ሁሉ ለትውልድ እንደ ዓምድ ጸንቶ ይኑር! ጀግናችንም ይህ ውዳሴ በልቧ ሲታወጅ አገጯን አንሥታ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በማቀዝቀዣው አጠገብ እንደ ሐውልት ቆመች።

ያን ጊዜ እትዬ ቀዝቃዛዋን ገጽ አጥፋ እጇ ላይ አስቀመጠችላትና የመጨረሻውን አዋጅ አወጀች፦ «ለግድግዳው የሱሪውን ጻፊላቸው። ይቺን መልሰሽ ተኩሻት።»