ሰላምታ የማያስቀር ፈረስ

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ አባቶች። መዋጋቱ ይቅርብኝ፤ ማድረሱን ግን ተስፋ አድርጌበት ነበር። በዕድሜዬ እንደታዘብሁት ፈረስ የጌታውን ጠባይ ይወርሳል። የቁጡ ሰው ፈረስ ይራገጣል፤ የሐኬተኛ ሰው ፈረስ በየጥላው ያንቀላፋል። እንግዲያስ የደግ ሰው ፈረስ ምንኛ መልካም ነው ብላችሁ እንዳትመኙ፣ የደረሰብኝን ስሙ።

ከሚሴ ውስጥ ከአጥሬ ማዶ ሀጂ ሙሄ የሚባሉ ጎረቤት አሉኝ። እኔ ዳዊቴን ደግሜ ስወጣ እርሳቸው ሰግደው ተመልሰው የዳማ ፈረሳቸውን ጋማ ሲያበጥሩ፣ ከሰኮናው ጭቃ ሲፍቁ፣ ገብሱን በእጃቸው ሲያበሉ አያለሁ። ኮርቻ ላይ ሆነው ሰላም ሳይሉት ያለፉት ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ መርዶ መጣልኝ። ከጨፋ ሸለቆ ማዶ፣ ከተራራው ደብር የሚያገለግሉት አባ ገብረ ሕይወት ዐርፈዋል። በአንድ ጎጆ ቅኔ የተማርን፣ የአንድ አኩፋዳ ቁራሽ የተካፈልን ወንድሜ ናቸው። ቀድሞ የሞተውን የቀረው ቆሞ ሊፈታው በወጣትነታችን ቃል ተጋብተናል። ቀብሩ ለቀትር ነው ተባለ። ባጃጅ ከአስፋልቱ ወርዶ ጭቃውን አይደፍርም፤ ጉልበቴም ከከዳኝ ሰንብቷል። ሀጂ ነገሩን ሲሰሙ ፈረሱን ጭነው አመጡልኝ።

«ይሂዱበት፣ የኔታ። መንገዱን ከኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።»

ማወቁንስ ያውቅ ኖሯል። ከመጀመሪያው ደጃፍ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። በእርካብ ጎሸምሁት፤ ጆሮውን ወደ በሩ አቅንቶ ዝም። አንዲት እናት ብቅ አሉ። «አካም ቡልተኒ! ሀጂ መስለውኝ እኮ ነው፣ ደኅና ናቸው? ልጆቹስ?» ስለ ሁሉም መለስሁ። መርቀው ሲጨርሱ ፈረሱ ማንም ሳይነካው ተነሣ።

በሦስተኛው ደጅ ብልጥ ልሁን ብዬ «ደኅና ነን፣ ደኅና ነን» አልሁና ልጓሙን ሳብሁ። ንቅንቅ የለም። ባለቤቱ ገበሬ ሳቀብኝ።

«የኔታ፣ እሱ ጎዶሎ ሰላምታ አይቀበልም። ስለ ከብቶቼ መች ጠየቁኝ?»

ስለ ከብቶቹ ጠየቅሁ። አንዲቱ ላም ታማ ነበረች።

እናንተ «መርዶውን አትነግራቸውም?» ትሉኝ ይሆናል። ነገርኋቸው እንጂ! ባሰ። በወሎ ምድር ማጽናናት ከሰላምታ ይረዝማል። ወርጄ እንዳልጎትተው፣ ከወረድሁ ማን መልሶ ያወጣኛል? ፀሐይዋ አናቴ ላይ ስትደርስ እኔ ገና ከሸለቆው አልወጣሁም።

ደብሩ ስደርስ ሰው ከመቃብሩ ይመለስ ነበር። ዝናብ ሊጥል ሲል መጠበቅ አልቻሉም፤ ፍትሐቱን አንድ ወጣት ቄስ አድርሶታል። ደኅና አድርጎ አድርሶታል አሉኝ። ከእርጥቡ አፈር ራስጌ ቆሜ የቻልሁትን ደገምሁ። የሃምሳ ዓመት ቃል በአንዲት ላም ሕመም አለፈ።

መመለሻውም በዚያው መንገድ፣ በዚያው ደጃፍ ሁሉ ነው። «ደረሱ፣ የኔታ?» ይሉኛል። «አልደረስሁም።» ፈረሱ ይቆማል፤ እኔ እናገራለሁ። ለአንድ የነፍስ አባት መናዘዝ የሚከብደኝ ሰው ያን ቀን ለሸለቆው ሁሉ ተናዘዝሁ። ያ ገበሬ አሁን አልሳቀም። ልጓሙን ይዞ «አላህ ያጽናዎ። ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አለኝ። ከቀብሩ የመጣ ማንም ይህን አልጠየቀኝም ነበርና ብዙ አወራሁት። ፈረሱም ለመሄድ አልቸኮለም።

አመሻሽ ላይ ሀጂ በር ላይ ጠበቁኝ። «አላስቸገረዎትም? ደረሱ?» ዓይናቸውን አየሁ። እውነቱን ብናገር ፈረሱን ሳይሆን ራሳቸውን ሲወቅሱ ይከርማሉ። ዕድሜ ልኬን ተማሪ በውሸት ስገሥጽ የኖርሁ ሰው «በሰዓቱ አደረሰኝ» አልሁ።

«አልሐምዱ ሊላህ!» አሉና ጋማውን ዳበሱት።

ነገ ማለዳ በዚያው ፈረስ፣ በዚያው መንገድ እንደሚወጡ ትዝ ያለኝ በሬን ከዘጋሁ በኋላ ነው።