ፖሊስ አይደለሁም የሚሉት ጋሼ ታን

በየሰፈሩ አንድ፣ የድሮ ሥራውን አሳስታችሁ ከጠራችሁበት ምሳው አልወርድ የሚለው ጡረተኛ አይጠፋም። የኛ ሰፈር፣ እዚህ ቻይና ዪቻንግ ከተማ፣ የታደለው ክቡር ጋሼ ታንን ነው። ዕድሜያቸውን በታጠቀው የሕዝብ ፖሊስ ውስጥ የወንዙን ድልድይ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ ወጡ። "ፖሊስ" ብሎ የጠራቸው ግን ወዮለት።

"ፖሊስ ፊሽካ ይነፋል፣ መኪና ይቀጣል" ይላሉ፣ ኑድል ቤቴ በር ላይ ወንበር ስበው። "እኔ ወታደር ነኝ። ማዕረጉ አንድ፣ መሐላው አንድ።"

ይህን የሚሉት ለኔ አይደለም። ፊት ለፊታቸው ቼዝ ለሚጫወቱት፣ ለጡረተኛው የመድፈኛ መኮንን ለጋሼ ሉዎ ነው።

"ታዲያ ስማችሁ ላይ ፖሊስ የሚለውን ማን ጻፈው፣ እኔ ነኝ?" ይላሉ ሉዎ ቀና ሳይሉ። "እኛ ድንበር ላይ መድፍ ስንጎትት አንተ በር ትጠብቅ ነበር።"

"ድልድይ ነው።"

"ድልድይም በር ነው።"

የታጠቀው ፖሊስ ድሮ ሁለት አለቃ ነበረው፤ አንዱ ከጦሩ፣ ሌላው ከመንግሥት ወገን። በኋላ በጦሩ የበላይ ኮሚሽን ሥር ብቻ ሲጠቃለል ጋሼ ታን ሰፈሩን በሙሉ ቢራ ጋበዙ። ልጃቸውን ሲድሩ እንኳ እንዲህ እጃቸው አልተፈታም። ሉዎ ብርጭቋቸውን አንስተው፣ "እንኳን ደህና ገባህ፤ እኛ ግን እራት በልተን ተነስተናል" አሏቸው። ታን አኮረፉ። ቼዙን ግን አላቋረጡም፤ እያኮረፉ ይጫወቱ ነበር።

ዘንድሮ ጋሼ ሉዎን መርሳት ያዛቸው። አንድ ከሰዓት ዝናብ እየዘነበ አውቶቡስ ፌርማታ ተቀምጠው "ወደ ክፍለ ጦሬ እመለሳለሁ" ብለው አሻፈረኝ አሉ። ልጃቸው ሜይሊን እያለቀሰች ብትለምናቸው "አላውቅሽም" አሏት። በስስ ሸሚዝ ይንቀጠቀጣሉ። ቅርብ ጊዜ የሳንባ ምች ይዟቸው ከሞት አፋፍ ነው የተመለሱት። ሮጬ ታንን ጠራሁ።

ታን ቀጥ ብለው ቆመው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ። "ወታደር ታን ነኝ። ቤት እንግባ።"

"ወታደር ወታደርን ከመንገዱ አይመልስም" አሉ ሉዎ። "የሚመልስ ፖሊስ ነው። አንተ ዞር በል።"

ታን እኔን አየት አደረጉኝ፤ ባልሰማ ደስ ባላቸው።

"ፖሊስ ነኝ፣ ጌታዬ" አሉ ቀስ ብለው። "መንገዱ ተዘግቷል። ቤትዎ ላድርስዎት።"

እኚህን ነዝናዛ ሰውዬ ምን ያህል እንደምወዳቸው ያኔ ነው የገባኝ።

ሉዎ ተነሱ፤ ታን ክንዳቸውን ያዟቸው። ጥቂት እንደተራመዱ ሉዎ፣ ማን እንደያዛቸው ሳያውቁ፣ "አንድ ጓደኛ አለኝ፣ ድልድይ ጠባቂ" አሏቸው። "ፖሊስ እያልኩ አበሽቀዋለሁ። ግን ወታደር ነው። እንዳትነግረው።"