የጓድ ፈቀደ ሳይንሳዊ ልብ

የሰው ልጅ እሳትን አግኝቷል፣ መንኮራኩርን ፈልስፏል፣ ጨረቃንም ረግጧል። ልብን በመመሪያ ማናገር ግን የተጀመረው በእኛው በኮልፌ፣ በአንድ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ መሆኑን ታሪክ እስካሁን ሳይመዘግብ ማለፉ ያሳዝናል። የዚህ ግኝት ባለቤት የቀበሌው የንቃት ኃላፊ ጓድ ፈቀደ ናቸው።

ጓድ ፈቀደ ቀድሞ ወፍጮ ቤት ይሠሩ ነበር። ለአጭር ኮርስ ተልከው ሲመለሱ ግን አንድ ታላቅ ነገር ገብቷቸው መጡ። ሰፊው ሕዝብ ግቡን የማይመታው፣ አንዳንድ ወገኖች እንደሚያወሩት ስኳርና ሳሙና ስለጠፋ ሳይሆን የውስጥ ድምፁን ስለማያዳምጥ ነው። ስለዚህ ነዋሪው በየእሑዱ አዳራሽ ይሰበሰባል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ልቡ የነገረውን ግብ ተነሥቶ ይናገራል፤ ጓድ ፈቀደም ያርሙለታል። ልቡ የተሳሳተ ግብ የነገረው ሰው ግለሂስ ያደርጋል።

በመጀመሪያው እሑድ ዕድሉ የደረሳቸው እማማ ተሻለች ነበሩ።

«እማማ፣ ልብዎ ምን አለዎት?»

«ስኳር አለኝ፣ ልጄ።»

አዳራሹ በሙሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ስኳር ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ሰነባብቷል።

«በሽታውን ነው ወይስ የሚበላውን?» አለ ልብስ ሰፊው ይገዙ ከኋላ።

«ኧረ እኔ የለኝም! ልቤ ነው ያለኝ።»

«ይሄ የልብ ሳይሆን የሆድ ድምፅ ነው» አሉ ጓድ ፈቀደ በትዕግሥት። «እስቲ ትንሽ ከፍ ብለው ያዳምጡ።»

እማማ ተሻለች ታዘው እንደገና ጨፈኑ። ቆየት ብለውም «አሁን ሁለት ኪሎ አለኝ» አሉ።

እንዲህ እንዲህ እያለ የቀበሌው ልብ የመንቃቱ ወሬ ሳንሱሲ ድረስ ተሰማ። በመጨረሻም ከቀበሌው በላይ ካለው አስተዳደር፣ ከከፍተኛው፣ ጓድ ገብረወልድ የሚባሉ ባለሥልጣን በመጪው እሑድ መጥተው እንደሚጎበኙ ተነገረ። ሥራው ካማራቸው ጓድ ፈቀደ ወደ ከፍተኛው ተዛውረው ስልክ ያለበት ጠረጴዛ ያገኛሉ። ካላማራቸው ወፍጮ ቤቱ አለ። ጓድ ፈቀደ ያንን ስልክ ከልባቸው ነበር የሚመኙት። ብቻቸውን ሲሆኑ ባዶ ጣሳ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «ፈቀደ ነኝ፣ ይቀጥሉ» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል።

ባለቤታቸው ጥሩብርሃን የባሏን ልብ ከማንም በላይ ታከብራለች። «ዛሬ ዝናብ የለም፣ ልቤ ነግሮኛል» ካሏት የተሰጣውን ልብስ እየሮጠች ታስገባለች። «ዛሬ እንግዳ አይመጣም» ካሏት ሽሮው ላይ ውሃ ትጨምራለች። ከተጋቡ ጀምሮ ያ ልብ አንድም ቀን አሳፍሯት አያውቅም።

እሑድ ጠዋት ጓድ ፈቀደ ኮታቸውን እየቦረሹ ሳለ ጠየቀቻቸው።

«ዛሬ ስኳር ይመጣ ይሆን?»

«አይመጣም። የሕዝቡ ሐሳብ እንዳይከፋፈል ስብሰባው ላይም እናገራለሁ።»

«ልብህ ነው የነገረህ?»

«ቁርጥ አድርጎ ነው የነገረኝ።»

«ቁርጥ አድርጎ?» አለችና ዘንቢሏን አንሥታ ነጠላዋ ሥር ሸጎጠች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጓድ ገብረወልድ ከፊት ተቀምጠው ቆባቸውን ወንበሩ ጠርዝ ላይ ሰቅለዋል። ጓድ ፈቀደ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጓዶች፣ ግብ ያለ ልብ፣ ልብም ያለ ግብ አይኖርም። ዛሬ ስኳር አይመጣም። ይህንን የምለው በግምት ሳይሆን በሳይንሳዊ ልብ ተመርቼ ነው። በሉ ዓይናችሁን ጨፍኑ።»

ሁሉም ጨፈነ። ጓድ ገብረወልድም ጨፈኑ። እማማ ተሻለች ግን በአንድ ዓይናቸው ነበርና የጨፈኑት፣ አጠገባቸው ከተቀመጠችው ከጥሩብርሃን ነጠላ ሥር የዘንቢሉን ጆሮ አዩ።

«ጥሩዬ፣ ይሄ ለምንድን ነው?» አሉ በሹክሹክታ።

«ስኳር አይመጣም ሲል አልሰሙትም?»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ይመጣላ፣ እማማ። የባሌን ልብ እኔ አውቀዋለሁ።»

እማማ ተሻለች ነገሩን ለይገዙ ሹክ አሉት፤ ይገዙም ከፊቱ ለነበሩት። ሕዝቡ ጫማውን እያወለቀ፣ ኮቴውን እያጠፋ፣ አንድ በአንድ ወጣ።

ጓድ ፈቀደ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ጸጥታውን አዳመጡ። ማንም አይስልም፣ ማንም አያንኮራፋም። እንዲህ ያለ ጸጥታ በዚያ አዳራሽ ተሰምቶ አያውቅም፤ ደስታው እንባቸውን አመጣው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲጮህ ሁሉ ተሰማቸው።

«ጓዶች፣ ልባችሁ ምን አላችሁ?»

ዓይናቸውን ሲገልጡ የቀረው አግዳሚ ወንበሩና የጓድ ገብረወልድ ቆብ ነው። በጣም ሆድ ባሳቸው። በመስኮቱ ሲያዩ አንድ የጭነት መኪና ሱቁ በር ላይ ቆሞ ስኳር ያራግፋል። ጥሩብርሃን ከሰልፉ ፊት ነች፤ ጓድ ገብረወልድ ደግሞ ከይገዙ ኋላ ተሰልፈዋል።

ጓድ ገብረወልድ ቆባቸውን ሊወስዱ ስኳራቸውን አቅፈው ተመለሱ።

«ጓድ ፈቀደ፣ ሕዝብ በአንድ ልብ ሲንቀሳቀስ ገና ዛሬ አየሁ።»

«ታዲያ የከፍተኛው ነገር…»

«ኧረ የእርስዎ ተሰጥዖ ቢሮ ውስጥ ተቆልፎ አይቀርም! ለሰፊው ሕዝብ ቅርብ መሆን አለበት።»

ቅርብ ተደረጉ። ዛሬ ጓድ ፈቀደ ሱቁ በር ላይ ወንበር ተሰጥቷቸው በየጠዋቱ ልባቸው የነገራቸውን ለሕዝብ ያውጃሉ። «ዛሬ ይመጣል» ሲሉ ሰዉ ወደ ሥራው ይሄዳል። «ዛሬ ምንም የለም» ሲሉ ሰልፉ ወዲያው ይሠራል። በቀበሌው ውስጥ የእሳቸውን ያህል የታመነ ልብ የለም።

አንድ ማታ እራት ላይ ለጥሩብርሃን ምሥጢር አወጡላት።

«በቅርቡ ከፍተኛ እገባለሁ። ልቤ ቁርጥ አድርጎ ነግሮኛል።»

ጥሩብርሃን በማግስቱ ለሱቁ ወንበር የሚሆን ወፍራም ትራስ ሰፋችላቸው።