ጉድጓድ ውስጥ አይደለሁም፣ ቤቴ ነኝ!

ቤተሰብ፣ ዛሬ ጠዋት የገዛ ለቅሶዬን ከአልጋ ሥር ሆኜ አዳመጥኩ!

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ይህን ስጽፍ እጄ አሁንም ቀይ ነው። ለምን ቀይ እንደሆነ እነግራችኋለሁ፣ ብቻ አትፍረዱብኝ። እሺ፣ ትንሽ ፍረዱብኝ።

ለማታውቁኝ፦ ጂንካ የተመደብኩ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነኝ። የማጠናው ያረጁ የነዳጅ ጉድጓዶችን ነው። ነዳጅ «አለቀ» ሲባል እኮ አያልቅም። ብዙው ስፖንጅ ውስጥ እንደቀረ ዘይት ድንጋዩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። እሱን ለማውጣት በአንዱ ጉድጓድ ውሃ ይገፋል፣ ነዳጁ በሌላው ይወጣል። ችግሩ፣ ውሃው አቋራጭ ካገኘ ነዳጁን ትቶት ይሄዳል። ስለዚህ ውሃው ላይ ቀለም ይጨመርና የት ወጣ፣ መቼ ወጣ ተብሎ ይጠበቃል። ከመሬት በታች ያለው መንገድ የሚታወቀው በዚያ ነው።

ጂንካ ውስጥ ነዳጅ የት አለ? የለም! ጉድጓድ ግን አለ።

የተከራየሁት ግቢ ውስጥ ማንም የማይቀዳበት አሮጌ የውሃ ጉድጓድ አለ። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የእትዬ አስካለ ጉድጓድ አለ፣ ለልብስና ለጓሮ የሚቀዱበት። (እትዬ አስካለ ገበያው ጋ ሱቅ አላቸው። ሱቃቸው ሆነው ሲጣሩ መነኸሪያ ያለ ሰው «አቤት» ይላል።) ኮምፒውተር ላይ የሠራሁት ሞዴል ውሃው ከሰፈሩ በታች ወዳለው ወንዝ እንደሚሄድ፣ ያውም ወራት እንደሚፈጅበት ነገረኝ። ወደ እትዬ አስካለ ጉድጓድ? በፍጹም!

እናም ትናንት ከሰዓት ቀለሙን ጨመርኩ። ቀይ። መመሪያው «በማንኪያ» ይላል። እኔ ዕቃውን ገለበጥኩት።

ለምን አትበሉኝ። ዳታው እንዲደምቅ ፈልጌ ነው!

ለማንም አልነገርኩም። ሞዴሉ አይደርስም ብሏላ! ብቻ ለጥንቃቄ ብዬ፣ አመሻሽ ላይ እትዬ አስካለን አስፈቅጄ የጉድጓዳቸውን ጥልቀት በገመድ ለካሁ። «ቲቸር፣ እንዳትወድቂ!» አሉኝ። አልወደቅኩም። ጭቃው ግን አንድ ነጠላ ጫማዬን ነጠቀኝ፣ ስለመሸ እዚያው ትቼው ገባሁ።

ጠዋት በጩኸት ነቃሁ።

«ደም! ኧረ ደም ነው! ጉድጓዱ ደም ሆኗል!»

በመስኮት አየሁ። የእትዬ አስካለ ባልዲ ቀይ ነው።

ሞዴሌ ወራት ይፈጃል ያለውን መንገድ ውሃው በአንድ ሌሊት ጨርሶታል!

እንደ ተመራማሪ መደሰት ነበረብኝ። እኔ ግን «የጠጣ ሰው ቢኖርስ?» አልኩ። ባዶውን ዕቃ ፈልጌ ጽሑፉን አነበብኩ። በትንሹ ከሆነ ጉዳት የለውም ይላል። በትንሹ! ቀጥሎ የመጣብኝ «ከሌላ አገር የመጣች አስተማሪ ጉድጓድ መረዘች» የሚለው ወሬ ነው። እሱ ወሬ ጎረቤት ከተማ ዲመካ ለመድረስ ሚኒባስ አይጠብቅም።

ስለዚህ የተማረ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። በሩን ቆለፍኩ፣ ስልኬን ሳይለንት አደረግኩ፣ አልጋ ሥር ገባሁ።

ተንኳኳ። ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ።

«ቲቸር! ቲቸር!» ስልኬ ደረቴ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ አላነሳሁም።

ከዚያ የእትዬ አስካለ ድምፅ መጣ። «ጫማዋ! ይሄ የቲቸር ጫማ አይደለም? ማታ እዚህ ጎንበስ ብላ ነበር! እንዳትወድቂ ብያት ነበር እኮ! ወይኔ ልጄን!»

ገባችሁ? ደሙ የኔ ሆነ!

ያኔ መውጣት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን ለቅሶው ተጀመረ። ለቅሶ ከተጀመረ በኋላ ብቅ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ያልሞተ ሰው አያውቀውም።

«ለእናቷ ማን ይንገራት?» አለች አንዷ። «ሰው አክባሪ ነበረች!» አለች ሌላዋ። «ምግብ እንኳ በወጉ ሳትበላ! ሁልጊዜ ያንን ማካሮኒዋን!»

ማካሮኒዬን ምን አመጣው? ግን ውሸት ምን ያደርጋል፣ በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሀል ትንሽ ደስ ብሎኛል።

ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁና ክው አልኩ።

«ገመድ አምጡ። እኔ እወርዳለሁ።»

ጋሽ ማርቆስ ናቸው። የእትዬ አስካለ የወዲያኛው ጎረቤት፣ እዚሁ አቅራቢያ ካለችው ገዘር የመጡ፣ ጡረታ የወጡ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው። አፍ የፈቱት በአሪኛ ነው፣ ሴቷንም «እሱ» የሚለው አማርኛቸው የራሱ ለዛ አለው።

«ጋሼ ይናዳል! ፖሊስ ይምጣ!» አላቸው አንዱ።

«ፖሊስ እስኪመጣ ልጅቷ ውሃ ውስጥ ይቆያል?» አሉ። «እዚህ ዘመድ የለውም። ልጅቷ የኛ ነው!»

ጉድጓድ አውቃለሁ። የታፈነ አየር ያለበት ጉድጓድ የወረደበትን ሰው ድምፅ ሳያሰማ ያስቀረዋል፣ እሱን ሊያወጣ የገባውንም ይደግማል። ይህን ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። አልጋ ሥር ሆኜ ግን አስቤው አላውቅም።

የባጃጅ መጎተቻ ገመድ መጣ ሲባል ሰማሁ።

የመጣው ይምጣ ብዬ በሩን ከፈትኩና ሮጥኩ። በፒጃማ፣ በአንድ እግር ጫማ፣ ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ! «አይውረዱ! አለሁ! አለሁ!»

መዳፎቼ በትናንቱ ቀለም ደም እንደመሰሉ ረስቼዋለሁ።

ግማሹ ሰው ሸሸ። «በስመ አብ!» ያሉም ነበሩ፣ «በኢየሱስ ስም!» ያሉም ነበሩ። እትዬ አስካለ ባልዲውን በድንጋጤ ለቀቁት፣ ቀዩ ውሃ ነጭ ነጠላቸው ላይ ተደፋ።

ጋሽ ማርቆስ እስከ ወገባቸው ጉድጓዱ ውስጥ ገብተዋል። ቀና ብለው አዩኝ።

«ቲቸር?» አሉ። «ታዲያ እኔ ማን ፍለጋ ነው የምወርደው?»

ማንም አልሳቀም። እጃቸውን ይዤ ወደ ላይ ስስባቸው ማልቀስ ጀመርኩ።

ሁሉንም ተናዘዝኩ። የጠጣ ሰው አልነበረም፣ ተመስገን! እትዬ አስካለ አቀፉኝ፣ ሳሙኝ፣ ከዚያ ትከሻዬን በቡጢ አሉኝ።

«ብትነግሪን ምን ነበረበት?»

የተደፋውን ባልዲ አንስቼ ሰጠኋቸው።

«ውሃው መቼ ነው የሚጠራው?» አሉኝ።

ስንት ዓመት የተማርኩት ለዚህ ጥያቄ ነበር። «አላውቅም» አልኩ።

ተፈረደብኝ! እስኪጠራ ድረስ የእትዬ አስካለን ውሃ ከቦኖ የምቀዳው እኔ ነኝ። ዛሬ ሁለት ጀሪካን ይዤ ስንገዳገድ ተማሪዎቼ አይተውኛል። ነጠላው ደግሞ ሮዝ ሆኗል። በምን እንደሚለቅ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸው ፊት የነጠላ ስም ማንሳት እፈራለሁ።

ጋሽ ማርቆስ በአጥሩ ባለፉ ቁጥር ይጣራሉ። «ቲቸር፣ አለሽ?»

«አለሁ፣ ጋሼ!»

«ጥሩ። በር አትቆልፊ።»

ሞዴሌ መሳሳቱ አሳፍሮኛል፣ ይለፍ። ያስፈራኝ ሌላ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ጉድጓድ ለመግባት ለመወሰን ከፈጀባቸው ጊዜ በላይ፣ እኔ የራሴን በር ለመክፈት ፈጅቶብኛል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ያህል አልጋ ሥር ትቆዩ ነበር? እውነቱን ንገሩኝ፣ ብቻዬን አታድርጉኝ!